በድን የገባበት የፍቅር መጽሐፍ

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አንዲት እናት ጥያቄ ልከውልናል። ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስትመጣ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ እርሳቸው በእሳቱ ዳር የበግ ጠጕር ሲፈትሉም ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላቸው ጀመር። ታሪኩ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን በየመካከሉ ከመቃብር የተነሡ በድኖች ሰው ይበላሉ። «ይህ በክርስቲያን ቤት ሊነበብ ይገባልን?» ይላሉ።

እኛም መጽሐፉን ፈልገን ከዋናው ጋራ አነጻጸርነው። ዋናው፣ ጄን ኦስተን የተባለች የእንግሊዝ ቄስ ልጅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1813 ያሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ነው፤ «ኩራትና ጭፍን ፍርድ» እንደ ማለት ነው። በ2009 ሴዝ ግሬም ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ አብዛኛውን ቃሏን እንዳለ ትቶ በድኖቹን ጨመረበት። በ2016ም ፊልም ሆነ።

ስለ በድኖቹ ብዙ አንናገርም። በዐርባውና በሰማንያው ቀን ጸሎት የሚያደርግላቸው፣ ትንሣኤን የሚጠባበቁ ሙታን ያሉት ሰው በዚህ ቀልድ ላይሥቅ ይችላል፤ ሆኖም ጨዋታ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የጭራቅ ተረት እየሰማን ያደግን እኛም ነን።

ያሳዘነን ሌላ ነው። በዋናው መጽሐፍ ሻርሎት የምትባል የ27 ዓመት ልጅ አለች፤ መልኳም ገንዘቧም ከዚህ ግባ የማይባል። ኮሊንስ የተባለ በራሱ የሚመካ ቄስ (በእነርሱ ሥርዓት ከክህነት በኋላ ማግባት ይፈቀዳል) ለጋብቻ ሲጠይቃት፣ ሳትወደው እሺ ትለዋለች። የራሷ ቤት ትሻለች፤ ሳያገቡ በድኽነት ማርጀትን ትፈራለች። በአዲሱ መጽሐፍ ግን ሻርሎት የበድኖቹ በሽታ ይዟታል፤ የምታገባውም የቀራትን ጥቂት ዘመን በሰላም ለመፈጸም ነው። ደራሲው የሚያስፈራ ነገር ጨመርሁ ሲል ከሁሉ የሚያስፈራውን አወጣው። በሽታ የያዛት ልጅ ታሳዝናለች እንጂ ማንንም አትከስም፤ ድኽነትን ፈርታ የተዳረች ልጅ ግን አገሩን ሁሉ ትከሳለች።

እናቲቱ ይህን ሳይነገራቸው የደረሱበት ይመስለናል። በደብዳቤያቸው መጨረሻ በድኖቹን ትተው፣ አባት ሲሞት ቤትና መሬቱ ለአምስት ሴቶች ልጆቹ ቀርቶ ለዚያው ለዘመዳቸው ለኮሊንስ የሚተላለፍበትን ምክንያት ይጠይቃሉ። መጠየቃቸውም ደግ ነው፤ በመንዝ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በቆየው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም በአባቷም በእናቷም ወገን ድርሻ መጠየቅ ትችል ነበርና።

ስለዚህ መልሳችን፦ ንባቡ አይቋረጥ፤ ልጅቱ ግን በሚመጣው ዕረፍት ዋናውን መጽሐፍ ይዛ ትምጣ፤ ስለ ሻርሎት የተጻፈውንም ከሁለቱም አከታትላ ታንብብላቸው።