«ታገሺ» ያልናት እህት

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንጽፈው ስለ በዓላት፣ ስለ መሳለሚያ ሰዓትና ስለ ተሳላሚዎች ማደሪያ ነው። ዛሬ ግን የቆየ ዕዳ አለብን። ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በዚሁ በኢየሩሳሌም በሰው ቤት በጽዳት ሥራ የምትተዳደር አንዲት እህት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ መጥታ ነበር። አሠሪዋ ቤቱ ጭር ባለ ቁጥር ስለ ገላዋ እንደሚናገራት፣ «እሺ ብትዪኝ ደመወዝሽን እጨምራለሁ» እንደሚላት በዕንባ ነገረችን። እኛም «ታገሺ ልጃችን፣ እንጸልይልሻለን» አልናት። በእውነትም ጸለይን። ነገር ግን ከጸሎቱ ጋር የሰጠናት ምክር ዕውቀት የሌለበት ነበርና ወደዚያው ቤት መልሰን ሰደድናት።

ዘግይተን ሕግ ዐዋቂዎችን ጠየቅን። እስራኤል የወሲብ ትንኮሳን የሚከለክል ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣችው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጉ ነገሩን የጠባይ ጉድለት ብቻ አድርጎ አያየውም፤ የሰውን ክብርና ነፃነት መድፈር ይለዋል። ማስፈራራትና እጅ መዘርጋት ብቻ አይደለም የተከለከለው። ፍላጎት እንደሌለው ላሳየ ሰው የወሲብ ጥያቄን ደጋግሞ ማቅረብ፣ ወሬን ደጋግሞ ወደ ገላው መመለስም ትንኮሳ ነው። ሰውን በጾታው ምክንያት ማዋረድ ሲሆን ግን መደጋገም አያሻም፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። በሕጉ የተጻፈው «ዜጋ» ሳይሆን «ሰው» ነው፤ ስለዚህ ተሳላሚም፣ ስደተኛም፣ ወንድም ቢሆን በጥላው ሥር ነው። ቀሚስና ቆብም ከዚህ ሕግ እንደማያስጠልሉ መናገር ይገባናል።

ስሕተታችን የተገለጠልን ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ያቺን እህት «እምቢ ብለሽዋል ወይ?» ብለን ጠይቀናት ነበር። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ እኛም ዝምታዋን በልባችን እንደ መላላት ቈጠርነው። ሕጉ ግን አሠሪ በሥልጣኑ ተጠቅሞ የሥሩን ሠራተኛ ሲያስቸግር፣ እምቢታዋን በግልጽ አሳይታ እንደ ሆነ አይጠይቅም። እንጀራዋን በያዘ ሰው ፊት «እምቢ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ሕግ አውጪዎቹ ከእኛ ይልቅ ተረድተውታል። የሶስናን ታሪክ ስንት ጊዜ ያነበብን ሰዎች! እርሷን የወነጀሏት ሽማግሌዎችና ዳኞች ነበሩ፤ ጉባኤውም ቃላቸውን የተቀበለው በማዕረጋቸው ነበር። ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ እስኪጠይቃቸው ድረስ የመረመረ አልነበረም። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው ሽምግልና ነው፤ «ገመና አይውጣ» ይባልና የተበደለችው ሳትጠየቅ ይቅር እንድትል ትለመናለች።

ሠራተኛ የተቀጠረበት መኖሪያ ቤትም የሥራ ቦታ ነው። ከ25 በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ትንኮሳን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ለሠራተኞቹ ማሳወቅ አለበት፤ አንዲት ሠራተኛ ብቻ የቀጠረውም ቢሆን ከመከላከል ግዴታ ነፃ አይደለም። ከሰሰች ወይም ተናገረች ብሎ ማባረር፣ ደመወዝ መቀነስ፣ ማዋከብ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ፍርድ ቤት ጉዳቷ በማስረጃ ባይተመንም እንኳ እስከ 120,000 ሰቅል ካሣ ሊፈርድላት ይችላል። እርግጥ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ላለ ሴት ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ሊመስላት ይችላል፤ ፍርሃቷን አናቃልለውም። ስለዚህ ብቻዋን እንዳትሄድ እንመክራለን። ካቭ ላኦቬድ የተባለው የሠራተኞች መብት ድርጅት የውጭ አገር ሠራተኞችንም ያማክራል።

መንገድና አውቶቡስም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በዚህች ከተማ በአንዳንድ መስመሮች ሴቶች ወደ ኋላ ወንበር እንዲሄዱ ይገደዱ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማንም ተሳፋሪ በጾታው ምክንያት ከመቀመጫው እንዲነሣ ሊገደድ እንደማይችል ወሰነ። ለመሳለም የመጣችሁ እናቶች ሆይ፣ «ተነሺ» የሚላችሁ ቢኖር የመነሣት ግዴታ የለባችሁም።

በእኛም ግቢ የሚስተካከል አለ። በቀዳም ሥዑር ግፊያ መካከል እጃቸውን የሚሰድዱ እንዳሉ እህቶቻችን በየዓመቱ ያመለክታሉ፤ መልሳችን «ሰው ስለ በዛ ነው» የሚል ነበር። ከእንግዲህ ወዲያ በሰልፉ አጠገብ ሁለት እናቶች መነኮሳይያት ይቆማሉ፤ አቤቱታ ያላት ለእነርሱ ትንገር። በሴቶች ማደሪያ በር ላይም የስልክ ቁጥሮች ለጥፈናል፦ ለሴቶች 1202፣ ለወንዶች 1203፣ ፖሊስ 100። ወረቀቱን አንድ ሰው «ለቅዱስ ስፍራ አይገባም» ብሎ ቀድዶት ነበር፤ መልሰን ለጥፈነዋል።

ያቺ እህት ከትንሣኤ በኋላ ዳግመኛ መጣች። በዚህ ጊዜ አብረናት ሄድን። ዛሬ በሌላ ቤት ትሠራለች፤ የቀድሞው አሠሪዋ ያስቀረባት የሁለት ወር ደመወዝ ግን ገና በክርክር ላይ ነው።