ልኩን የት እንለካው?

«እስከ መጨረሻዋ ነዳኋት» ብሎ የሚፎክር ሰው በመካከላችን አይታጣም። የት ነዳሃት? ሲባል ግን መልሱ ዘወትር አንድ ነው፤ በሌሊት፥ ሕዝብ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ። በበኩሌ እንዲህ ያለው ሰው የመኪናይቱን መጨረሻ አላየም ባይ ነኝ። አይቶት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለፉከራ ባልተረፈ ነበር።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ነገሩ ግን ከማንም የተሰወረ አይደለም። ጎማ መሬት የሚይዝበት ኃይል የተወሰነ ነው። ከዚሁ ላይ ለፍሬን የሰጠነውን ያህል ለመታጠፍ ይጎድልብናል። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲወጣም፥ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ደግሞም መኪና ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። በ1963 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ የታየው ፖርሽ 911 ሞተሩ ከኋላ እግሮቹ በስተኋላ ነው። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ነጂው ኩርባ መካከል ደንግጦ ነዳጅ መስጫውን ቢለቅ፥ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ኋላው ቀሎ ይዞርበት ነበር። ፍርሃት አድርግ የሚለው ነገር ራሱ ያጠፋል ማለት ነው።

ይኸን ከመጽሐፍ መማር አይቻልም። ብዙ ፍጥነትም አይጠይቅም። የሚመታ ነገር በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ውሃ ተርከፍክፎ፥ አስተማሪ ከጎን ተቀምጦ፥ በክብ እየዞሩ ፍጥነትን ቀስ በቀስ ቢጨምሩ፥ ጎማው መልቀቅ የሚጀምርበት ቅጽበት በ50 ኪሎ ሜትር እንኳ መሪውን በያዘው እጅ ይታወቃል። ብዙ ወጣት የሚመኘው ግን በጀርመን አገር በ1927 የተከፈተውን ኑርበርግሪንግን ነው፤ 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ከ70 በላይ ኩርባ ያለው፥ የከፈለ ሁሉ በገዛ መኪናው የሚገባበት። እኔ ለጀማሪ ከሁሉ የከፋ ትምህርት ቤት እለዋለሁ። የብረት አጥሩ ከመንገዱ ዳር ነው፤ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኒኪ ላውዳ በ1976 የተቃጠለውም እዚያ ነው።

«መንሸራተትን ያስተማርከው ልጅ ይብሱን ይደፍራል» የሚሉ አሉ። ይህ ባዶ ወሬ አይደለም። በኖርዌይ በ1980ዎቹ በተንሸራታች መንገድ የመንዳት ሥልጠና ግዴታ ሆኖ ውጤቱ ሲጠና፥ በወጣት ወንዶች ላይ አደጋው ጨምሮ ተገኝቷል። ነገር ግን ይህ ሜዳውን አያዘጋም፤ ትምህርቱን ያስለውጣል። ልጁ መኪናውን ከመንሸራተት መመለስን ብቻ ተምሮ ከወጣ፥ አወቅሁ ብሎ ይሄዳል። አስተማሪው ሆን ብሎ መመለስ የማይቻልበት ፍጥነት ላይ አድርሶት፥ ዞሮ ዞሮ ሣር ላይ ቢያቆመው ግን ሌላ ነገር ይዞ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ፈጣን መኪና እንዳይገዛ ቢከለከል አልቃወምም፤ አባቱ የፈለገውን ያህል ሀብታም ቢሆኑም።