«ለምዶበት ነው» የሚባል ሳል የለም

እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም። እንደ እናንተው ሰው ቤት የምሠራ፣ ልጄን ለእናቴ ትቼ የመጣሁ ሴት ነኝ። ቤይሩት ስገባ ልጄ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ አሁን ስድስት ሆኖታል። ስለ እሱ ሳል ልንገራችሁ።

እኔ በመጣሁ በዓመቱ የሳንባ ምች ያዘው። ቤታችን ሐይቅ አካባቢ ነው፤ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ሽሮፕ ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት እናቴ «ተሽሎታል፣ የተረፈው ለሌላ ቀን ይሁን» ብላ አስቀመጠችው። እኔም በስልክ ስሰማ «እሰይ» አልኩ እንጂ «ለምን አልጨረሰም?» አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ሳሉ አልለቀቀውም። ጠዋት ሲነሣ አክታ ያለው ሳል ይስላል። «ምነው ይስላል?» ስላት፣ «ኧረ ለምዶበት ነው፣ ብርዱ ነው» ትለኛለች። ሲብስበት ክሊኒክ ይወሰዳል፣ ሽሮፕ ይሰጠዋል፣ ይሻለዋል፤ ከወር በኋላ እንደገና። «ይህ ልጅ ስንት ጊዜ መጣ?» ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ብር በላክሁ ቁጥር እናትነቴን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አክስቱ ደሴ ወስዳ አስመረመረችው። ሲቲ ስካን ሲነሣ፣ በአንድ በኩል የሳንባው የአየር ቧንቧዎች ተጎድተው መስፋታቸው ታየ። ሐኪሞች ብሮንኪየክታሲስ ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከባድ የሳንባ ምች፣ ትክትክ፣ ኩፍኝ ወይም ቲቢ የቧንቧውን ግድግዳ ሲጎዳው፣ ቧንቧው አክታውን ጠርጎ ማውጣት ያቅተዋል። የተጠራቀመው አክታ ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል፤ ባክቴሪያው መልሶ ቧንቧውን ይጎዳል።

መድኃኒቱ በመቋረጡ ብቻ የመጣ ነው ብዬ አልምልም፤ ሐኪሙም እንዲያ አላለም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ልጆች ላይ ቶሎ ከተደረሰበት ጉዳቱ ሊሻሻል ይችላል። እኔ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ሳሉን በገዛ ጆሮዬ እየሰማሁ ቀኑን አልቆጠርኩም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ጉንፋን ያመጣው ሳል አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ሳምንት ይለቃል። አክታ ያለው ሳል በየቀኑ እየሳለ አራት ሳምንት ካለፈው፣ ልጁ በደንብ መመርመር አለበት። ቤት ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው ካለ ወይም ልጁ እየከሳ ከሄደ ያን ያህልም አይጠበቅ፤ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።

«እዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እል ነበር። ግን አጠያየቃችንን መቀየር እንችላለን። «ደህና ነው?» ካልን መልሱ «ደህና ነው» ነው፤ እናቶቻችን እኛን ላለማስጨነቅ ይደብቁናል። ይልቅ እንዲህ እንበል፦

- ሳሉ ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው? ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው?
- መድኃኒቱ ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ ተወስዷል? ጠርሙሱን በቪዲዮ አሳዩኝ።
- ረጋ ብሎ ሳለ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩልኝ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ደግሞ 50 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ለነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ይወሰድ።
- የክትባት ካርዱን ፎቶ አንሡልኝ። የትክትክ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ የኩፍኝ ደግሞ በ9 እና በ15 ወር ነው። የሳንባ ምቹም ክትባት መሰጠቱን እዩ።
- የሚተኛው የእንጨት ጭስ ካለበት ማጀት ነው ወይ?

«እንጥሉ ይቆረጥ» የሚል ጎረቤት ካለም እምቢ በሉ። ሳሉን አያድነውም፤ መድማትና ሌላ ኢንፌክሽን ሊያመጣበት ይችላል።

ስልክ ሲነጠቅብን ዝም የማልለውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ስልኬን የምትሰጠኝ እሑድ ብቻ፣ ለአሥር ደቂቃ ነበር። በአሥር ደቂቃ ሰላምታና የገንዘብ ወሬ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ የልጅ ሳል አይቆጠርበትም። ስልክ ለእኛ መዝናኛ አይደለም፤ የቀረን የእናት ጆሮ እሱ ነው። አዲስ ቤት ስትገቡ ስለ ደመወዝና ስለ ዕረፍት ቀን ስትነጋገሩ፣ ስለ ስልክም ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

አሁን ልጄ ጠዋትና ማታ ሐኪሙ ባሳያቸው መንገድ ደረቱን መታ መታ እያደረጉት አክታውን ያወጣል። ሲብስበት አንቲባዮቲኩን እስከ መጨረሻው ይወስዳል። ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ይሯሯጣል፤ መሮጡም ይጠቅመዋል ተብሏል። እናቴን አልወቅሳትም፤ አቅሟ በፈቀደው አሳድጋልኛለች። አሁን ስደውል ሳልጠይቃት «ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው» ትለኛለች።

እናንተም ዛሬ ማታ ስትደውሉ ከኋላ የሚስል ልጅ ከሰማችሁ፣ ወሬውን አቁሙና «ስንት ቀን ሆነው?» በሉ።