በቦሌ በረራው ለዘገየበት ተጓዥ መብቱ በቁጥር ይጻፍለት

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፤

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ለአንድ ጉዳይ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በረራው ሲዘገይበት ወይም ሲሰረዝበት ምን እንደሚገባው፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚገባውና ማንን እንደሚጠይቅ በቁጥር የሚናገር መመሪያ መሥሪያ ቤትዎ ያውጣ፤ በየካውንተሩም ይለጠፍ። አውሮፕላን ለምን ዘገየ የሚል አቤቱታ አላቀርብም። የቦሌን አሠራር የሚያውቅ ሰው መዘግየት አንዳንዴ እንደማይቀር ያውቃል። ከአፍሪካ ከተሞች የሚመጡ በረራዎች አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ተጓዦቻቸው በየአቅጣጫው ተደልድለው ሌሊት ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካና ወደ እስያ ይነሣሉ፤ ንጋት ላይ ከዚያ የሚመለሱት ደግሞ በተራቸው ወደ አፍሪካ ይበተናሉ። ከሌጎስ ወይም ከሉሳካ የሚመጣ አንድ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ቢዘገይ፣ የሌሊቱ በረራ ወይ ቆሞ ይጠብቀዋል ወይ ጥሎት ይሄዳል። ኤርፖርቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሙሉ ጭነት የያዘ ትልቅ አውሮፕላን በቀትር ሙቀት መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ያመለጠውን የሌሊት በረራ ወደ እኩለ ቀን መግፋት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው፣ መዘግየቱ ከደረሰ በኋላ ተጓዡ የሚገጥመው ነገር እንደ ዕድሉና እንደ መድረሻው መለያየቱን ነው።

በአንድ ሌሊት፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት ተጓዦችን እንይ። አንዱ ወደ ቴል አቪቭ ይሄዳል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችው የአቪዬሽን አገልግሎት ሕግ ከእስራኤል የሚነሡትን ብቻ ሳይሆን ወደ እስራኤል የሚገቡ በረራዎችንም ይመለከታል። ከ2 ሰዓት መዘግየት ጀምሮ ምግብና መጠጥ ያስገኛል፤ መዘግየቱ 8 ሰዓት ከሞላና ምክንያቱ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ ካልሆነ በርቀቱ ልክ ካሳ ያስከፍላል። ሁለተኛዋ ወደ ቶሮንቶ ትሄዳለች። የካናዳ ደንብም ወደ አገሪቱ የሚገባ በረራን ስለሚሸፍን፣ ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነ ከ3 ሰዓት ጀምሮ የሚከፈለው ካሳ 9 ሰዓት ሲደርስ ለትልልቅ አየር መንገዶች 1,000 የካናዳ ዶላር ይሆናል። ሦስተኛው አውሮፓዊ ባልሆነ አየር መንገድ ወደ ሮም የሚሄድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 ከኅብረቱ ለሚነሣ ማንኛውም በረራ ይሠራል፤ ወደ ኅብረቱ በሚገባው ላይ ግን የሚሠራው አየር መንገዱ አውሮፓዊ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ከሮም ሲነሣ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢዘገይበት እስከ 600 ዩሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከቦሌ ሲነሣ ግን አንድ ቀን ሙሉ ቢቆምም ከዚያ ሕግ ሳንቲም አያገኝም። ሦስቱም የተነሡት ከኢትዮጵያ ምድር ነው። ሁለቱን የሚጠብቃቸው የሚሄዱበት አገር ሕግ እንጂ የተነሡበት አገር ሕግ አለመሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

የደርሶ መልስ ትኬት የገዛ ሰው ቢያንስ ጉዞው ሁሉ እንደ አንድ ይቆጠርልኛል ብሎ ያስብ ይሆናል። አይቆጠርለትም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ከጀርመን ወደ ማኒላ ሄዶ መመለሻው ማኒላ ላይ በተሰረዘበት ተጓዥ ጉዳይ፣ መሄጃና መመለሻ በአንድ ትኬት ቢገዙም ሁለት የተለያዩ በረራዎች ናቸው ብሎ ወስኗል። ለገና ወይም ለጥምቀት ከፍራንክፈርት፣ ከስቶክሆልም፣ ከሮም ተሰባስበው ወደ አገር ቤት የሚመጡ ወገኖቻችን አውሮፓዊ ባልሆነ አየር መንገድ እስከተጓዙ ድረስ ይህ ውሳኔ በቀጥታ ይነካቸዋል። ሲመጡ የነበራቸው መብት ሲመለሱ የለም። የሥራ ፈቃዳቸው የሚያልቀውና ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚጠበቁት ደግሞ ሲመለሱ ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ኮንቬንሽን አለ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ኮንቬንሽኑ አጓጓዡን በመዘግየት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ጣሪያው ለአንድ ተጓዥ 6,303፣ ለሻንጣ ደግሞ 1,519 ኤስዲአር ሆኗል፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። ነገር ግን ኮንቬንሽኑ የሚክሰው በማስረጃ የተረጋገጠ ጉዳትን ነው፤ አየር መንገዱም አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ካስረዳ ነፃ ይወጣል። ደረሰኝ ሰብስቦ፣ ጠበቃ ይዞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ መመሥረት ለአንድ ነጋዴ ይቻለው ይሆናል። ሥራ ፍለጋ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ የምትሄድ ልጅ ግን አትችለውም። የተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ የዘገየ ሻንጣ በእጅ ከገባ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላመለከቱበት መብቱ እንደሚቀር ስንቱ ተጓዥ ያውቃል? የሸማቾች ጥበቃ አዋጃችን ቁጥር 813/2006ም መረጃ የማግኘትንና የመካስን መብት በጥቅሉ ይደነግጋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካውንተር ፊት ለቆመ ሰው ግን ጥቅል ድንጋጌ አይጠቅመውም። ለዚያ ሰው የሚጠቅመው «ከዚህ ሰዓት በኋላ ይህ ይገባሃል» የሚል ወረቀት ነው።

ከሌላ አገር ደንብ ገልብጦ ማምጣት የማይበቃበት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ሰፋ አድርጌ ላስረዳዎ። ኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ በቡድን ይጓዛሉ፤ ጓደኛሞች ለሠርግ፣ ምእመናን ለኢየሩሳሌም ጉዞ፣ እናት ከጎረቤቷ ልጅ ጋር ሆና ልጇን ለማየት። ትኬቱ ግን የሚቆረጠው እንደ አቅሙና እንደ ቀኑ ነው። አምስት ሆነው የሚሄዱ ጓደኛሞች ሦስቱ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር፣ ሁለቱ በሌላ ሊመዘገቡ ይችላሉ። በረራው ሲሰረዝ የኮምፒውተሩ ሥርዓት የሚያየው ቁጥሩን እንጂ ወዳጅነቱን አይደለም፤ ሦስቱን በዱባይ፣ ሁለቱን በፍራንክፈርት አድርጎ ይመድባቸዋል። ከዚያ የከፋው ችግር ይከተላል። የአውሮፓ ኅብረት በኤርፖርት ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠይቃቸው 12 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሼንገን፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ከሌለው በፍራንክፈርት አድርገህ ሂድ ሲባል አዲስ ትኬት በእጁ እያለ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላት ጓደኛው ትሄዳለች፤ እሱ ይቀራል። አስተርጓሚዋ በሌላ በረራ የሄደባት እናትም ማንንም በማታውቅበት አገር የኢሚግሬሽን መኮንን ፊት ብቻዋን ትቆማለች። ስለዚህ የእኛ መመሪያ ከገንዘብ በፊት ሁለት ነገር ይዘዝ። አብረው መሄዳቸውን ያስመዘገቡ ሰዎች፣ ትኬታቸው ለየብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ካልፈቀዱ በስተቀር አይለያዩ። አማራጭ መስመር ከመሰጠቱ በፊትም ተጓዡ በያዘው ፓስፖርትና ቪዛ በዚያ ማለፍ መቻሉ ይረጋገጥ፤ ማለፍ የማይችልበት ትኬት እንደ አማራጭ አይቆጠር። እነዚህን ብራስልስ አትጽፍልንም፤ ችግሩ የእሷ ዜጎች አይደለምና።

ጠንካራው ተቃውሞ የወጪው ነው። ካሳ ሲጨመር ትኬት ይወደዳል፤ በውጭ ምንዛሪ አገሪቱን የሚደግፈው አየር መንገዳችንም ይጎዳል ይባላል። ስጋቱን አላቃልለውም። አውሮፓ ውስጥም ክርክሩ አልበረደም፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የኅብረቱ የትራንስፖርት ሚኒስትሮች ካሳ የሚጀምርበት ሰዓት ከ3 ወደ 4፣ ለረጅም በረራ ወደ 6 ከፍ እንዲል ተስማምተው ነበር፤ የኅብረቱ ፓርላማ ግን ተቃውሟል። ልብ ይበሉ፤ የሚከራከሩት በሰዓቱና በመጠኑ ላይ ነው፤ መብቱ ይኑር አይኑር ብሎ የተነሣ የለም። እኔም 600 ዩሮ አልልም። ካሳው ከትኬቱ ዋጋ በመቶኛ ሊሰላ ይችላል። በተጨማሪም አየር መንገዳችን ከፍራንክፈርት፣ ከለንደን፣ ከቴል አቪቭና ከቶሮንቶ ሲነሣ የእነዚያን አገሮች ደንብ የማክበር ግዴታ አለበት፤ አሠራሩ አዲስ አይሆንበትም። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ መመሪያው ከቦሌ የሚነሡ የውጭ አየር መንገዶችን በሙሉ ይገዛል። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች አየር መንገዶች የምትሄድ የቤት ሠራተኛ በረራዋ ቦሌ ላይ ቢሰረዝ፣ ነገ ካሳውን የሚከፍላት የውጭ ድርጅት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2023 የተጓዦችን መብት ደንብ ስታጠናክር የራሷ አየር መንገዶች አልጠፏትም።

ሁለተኛው ስጋት የደኅንነት ነው፤ ካሳን መፍራት አብራሪን ያጣድፋል ይባላል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በበረራ ቁጥር 302 የ157 ሰዎችን ሕይወት ያጣን አገር ነንና ይህን ቃል በቀላሉ አናልፈውም። መልሱ ግን በደንቡ አቀራረጽ ውስጥ አለ። ከባድ የአየር ሁኔታ፣ የአየር ክልል መዘጋት፣ ስውር የፋብሪካ ጉድለት ከካሳ ነፃ ያወጣሉ፤ ተራ የጥገና ጉድለት አያወጣም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ድንበሩን ያሰመረው በዚሁ መንገድ ነው። ምግብ፣ መኝታና መረጃ የመስጠት ግዴታ ግን በምንም ምክንያት አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ ማንም ጥፋተኛ አልነበረም፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ በ2013 አየር መንገዱ ለታገደችው ተጓዥ የመኝታና የምግብ ወጪዋን መሸፈን ነበረበት አለ። ጥፋተኛ ባይኖርም የሚራብና የሚደክም ሰው አለ።

ክቡር ሆይ፤ ይህን ለሌላ መሥሪያ ቤት ያልጻፍኩበት ምክንያት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የኤርፖርቶቹ አስተዳደርና ትልቁ አየር መንገድ በአንድ ግሩፕ ሥር ናቸው፤ ባለቤቱም መንግሥት ነው። ተጓዡ አየር መንገዱን ትቶ ኤርፖርቱን ልጠይቅ ቢል የሚያገኘው ያንኑ ቤት ነው። ከዚያ ግሩፕ ውጭ ቆሞ ሊዳኝ የሚችል ባለሙያ ተቋም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትዎ ብቻ ነው። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር የየአየር መንገዱን የመዘግየት፣ የስረዛና የሻንጣ ቅሬታ ቁጥር በየወሩ ያትማል፤ ገንዘብ ሳያስቀጣ አየር መንገዶችን የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። ይህን ለመጀመር አዋጅ እንኳ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቦሌ በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን ተጓዥ የማስተናገድ አቅም ሲይዝ ተደስተናል፤ ለቢሾፍቱ የታሰበው ኤርፖርት ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። አዲሱ ተርሚናል በሩን ከመክፈቱ በፊት መመሪያው ይቅደም። ረቂቁን ለአየር መንገዶችም ለተጓዦችም ለውይይት ያቅርቡልን፤ የመዘግየቱ ምክንያት ለጠየቀ ሁሉ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ማስታወቂያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ይለጠፍ፤ ቦሌ ውስጥም ሌሊት የማይዘጋ የባለሥልጣኑ የአቤቱታ ዴስክ ይከፈት። መልስዎን በይፋ እንዲሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር