በአንድ ደመወዝ የቤትን ዕዳ ከቀኑ አስቀድሞ ስለ መክፈል



በሰቆጣ ከተማ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ለሚተዳደር ሰው፣ ቤት ምን ያህል የከበረ ነገር እንደ ሆነ በየቀኑ ከመዝገቡ ይገለጥለታል። አንዱ መዝገብ ወንድማማቾች ስለሚከራከሩበት የውርስ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ባልና ሚስት ሲለያዩ ስለሚካፈሉት ቤት ነው፤ ሦስተኛውም ዕዳው ሳይከፈል ስለ ቀረ በሐራጅ ስለሚሸጥ ቤት ነው። ከሁሉም ይልቅ ልብን የሚያሳዝነው ይህ ሦስተኛው ነው። የውርስ ቤት ለአንዱ ወንድም ባይደርስ ለሌላው ይደርሳል፤ በሐራጅ የተሸጠ ቤት ግን ለባዕድ ይሆናል፤ የልጆቹም መኝታ ከደጅ ሲወጣ ጎረቤት ቆሞ ያያል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፣ ደመወዝ የሚያገባው አንድ ሰው ብቻ በሆነበት ቤት፣ የቤትን ዕዳ ከቀኑ አስቀድሞ መክፈል የሚገባ እንደ ሆነና እንዳልሆነ፣ የሚገባም ቢሆን በምን ሥርዓት ሊሆን እንደሚገባው ለመናገር እንወዳለን።

ንብረት አስይዞ መበደር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ወለድ አገድ ብለው የሚጠሩት ውል ነበራቸው። ይኸውም ገንዘብ የቸገረው ባለ ርስት መሬቱን ለአበዳሪው ይለቅለታል፤ አበዳሪውም በወለዱ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ፍሬውን ይበላል፤ ባለ ርስቱ ዋናውን ገንዘብ በመለሰ ቀን መሬቱ ይመለስለታል። የዚህ ውል ክፋቱ፣ አበዳሪው የቱንም ያህል ዘመን ፍሬውን ቢበላ ከዋናው ዕዳ አንዲት ብር እንኳ የማይጎድል መሆኑ ነው። መሬቱን የለቀቀ ገበሬስ ዋናውን ገንዘብ ከወዴት ያመጣል? ይህ ውል በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ በዚሁ ስሙ ተጽፎ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ በ1967 ዓ.ም. አስቀድሞ የገጠር መሬት፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታ በአዋጅ ከግል ሀብትነት ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ አጸናው። እንግዲህ ዛሬ የከተማ ሰው ከባንክ ሲበደር ዋናው መያዣው በቦታው ላይ የሠራው ቤቱ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ደግሞ፣ ተበዳሪው በውሉ ተስማምቶ እንደ ሆነና ዕዳውን በቀኑ ሳይከፍል የቀረ እንደ ሆነ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዶለታል። ስለዚህ ባለዕዳ የሆነ ሰው፣ ክርክሩ ለዓመታት ይጓተትልኛል ብሎ ተስፋ አያድርግ።

አሁን ደግሞ ወለድ እንዴት እንደሚበላ በቍጥር እንመልከት። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 200,000 ብር በ15 ዓመት ሊመልስ፣ በዓመት ከመቶ 12 ወለድ ሊከፍል ተበደረ እንበል። በየወሩ የሚከፍለው 2,400 ብር ያህል ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከሚከፍለው ውስጥ 2,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚጎድለው 400 ብር ብቻ ነው። 15 ዓመት ከፍሎ ሲጨርስ የሰጠው ገንዘብ ሁሉ 432,000 ብር ያህል ይሆናል፤ ይኸውም የተበደረውን መልሶ በላዩ 232,000 ብር ለወለድ ሰጠ ማለት ነው።

ይኸው ሰው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በየቀኑ 10 ብር እያስቀረ በየወሩ 300 ብር ቢጨምርበት፣ ጭማሪው በሙሉ ከዋናው ዕዳ ይቀነሳል። ዕዳውም በ180 ወር መሆኑ ቀርቶ በ136 ወር ያልቃል፤ 3 ዓመት ከ8 ወር ይቀድማል ማለት ነው። ከወለዱም ከ65,000 ብር የሚበልጥ ይተርፈዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ጭማሪውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሆነ እንደ ሆነ ጥቅሙ እጅግ ይበልጣል፤ ዋናው ዕዳ ገና ብዙ ሳለ ወለዱም ብዙ ነውና።

ይህን ስሌት ያየ ሰው ወዲያው ያለውን ሁሉ ወደ ባንክ ሊያፈስ ይቸኩላል። እኔም ይህንኑ አድርጌ ስለ ተጎዳሁ፣ አንባቢዎች ከጥፋቴ እንዲማሩ እናገራለሁ።

በ2005 ዓ.ም. በ15 ዓመት የሚመለስ ብድር ወስደን በሰቆጣ ቤት ሠራን። ደመወዝ የማገባው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ባለቤቴ አራት ልጆችና አንዲት ያረጁ እናት ትጠብቅ ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ዕዳውን ቶሎ ለማራገፍ ቸኩዬ፣ የተረፈውንም ሊተርፍ የማይገባውንም እያደረግሁ 21,000 ብር ከቀኑ አስቀድሜ ጨመርሁ። ጎታው ግን በየክረምቱ ባዶ ነበረ። ባለቤቴ በኅዳር እህል ይገዛ ስትለኝ፣ ወለዱ ይቀድማል እያልሁ እመልስ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ በደረሰ ጊዜ ልጆቻችንን ይዘን ከተማውን ለቀቅን፤ ደመወዝም ለብዙ ወራት ሳይደርሰን ቀረ። የጨመርሁት 21,000 ብር ዕዳዬን በወረቀት ላይ ቀንሶልኝ ነበር፤ በእጄ ግን 500 ብር አልነበረም። ለባንክ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ በጭንቅ ቀን ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ በተሰደድንበት አገር ከአንድ ነጋዴ 8,000 ብር በወር ከመቶ 10 ወለድ ተበደርሁ። አስተውሉ፤ በዓመት ከመቶ 12 ለማዳን የቸኰልሁ እኔ፣ በዓመት ከመቶ 120 ከፋይ ሆንሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አራጣን እንደሚቀጣ በየጊዜው በእጄ እጽፍ ነበር፤ የተራበ ልጅ ያለው ሰው ግን ሕጉን እያወቀ ወደ አራጣ አበዳሪ ደጅ ይሄዳል። ያንን ዕዳ ያወጣን የባለቤቴ የጆሮ ወርቅና ከእናትዋ የወረሰችው ድሪ ነው። ድሪውን ሸጣ በተመለሰች ቀን አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ከእንግዲህ ወዲህ ባንኩ የሚጠግበው ጎታው ከጠገበ በኋላ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የተሠራው ሥርዓት ይህ ነው።

አንደኛ፤ ከጭማሪው በፊት ስንቅ ይቀመጣል። የዋግ አገር ዝናም የሚያንሰው ደጋና ቆላ ነው፤ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ፣ የ2008 ዓ.ም. ድርቅ፣ የ2016 ዓ.ም. ድርቅም አልዘለሉትም። በእንዲህ ያለ አገር በአንድ ደመወዝ የሚኖር ቤተ ሰብ፣ የስድስት ወር ቀለብና የሦስት ወር የዕዳ ክፍያ ሳያስቀምጥ ለባንክ አንዲት ብር መጨመር አይገባውም። ቀለቡንም አዝመራው ገብቶ እህል በሚረክስበት በኅዳርና በታኅሣሥ መግዛት ይገባል። በሐምሌ በሚጨመረው ዋጋና በኅዳሩ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከባንኩ ወለድ ይበልጣልና።

ሁለተኛ፤ ለዕዳ ተብሎ ከልጆች አፍ አይነጠቅም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማጥፋት የገባው ቃል ኪዳን በዚችው ከተማችን በሰቆጣ ስም ተጠርቷል። ወተቱንና ሽሮውን ቀንሶ ቤት ነጻ የሚያወጣ አባት፣ ነጻ በወጣው ቤት ውስጥ የቀጨጨ ልጅ ያገኛል። የሚቀነሰው የአባትየው የመሸታ ገንዘብ፣ የማያስፈልገው ድግስ፣ ለታይታ የሚገዛው ልብስ ነው።

ሦስተኛ፤ ስንቁ ከሞላ በኋላ ጭማሪው በየወሩ ደመወዝ በተቀበሉበት ቀን ይከፈል። በወሩ መጨረሻ የሚተርፈውን እከፍላለሁ የሚል ሰው ምንም አይተርፈውም። የደመወዝ እድገት በመጣ ጊዜም እኩሌታው ለቤት፣ እኩሌታው ለዕዳ ይሁን።

አራተኛ፤ ከመጨመር በፊት ውሉን ማንበብ ይገባል። አስቀድሞ መክፈል ያለ ቅጣት የተፈቀደ መሆኑን መጠየቅ፤ ጭማሪውም ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ሳይሆን ከዋናው ዕዳ እንዲቀነስ በጽሑፍ ማመልከት፤ ደረሰኙንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ያልተደረገ እንደ ሆነ ገንዘቡ ለመጪው ወር ተቈጥሮ ይቀርና የታሰበው ጥቅም ሳይገኝ ይቀራል።

አምስተኛ፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ሒሳቡን ይወቁ። ደመወዝ የሚያገባው አንድ ሰው ነው ማለት የሚሠራው አንድ ሰው ነው ማለት አይደለም። ውኃ የሚቀዳው፣ እህሉ የሚሰነዳው፣ በሽተኛው የሚጠበቀው ያለ ዋጋ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ቢከፈልበት ከደመወዙ ብዙውን ይወስድ ነበር። ስለዚህ በዕዳው ነገር ላይ የሚስት ቃል እንደ ባል ቃል ሊሰማ የተገባ ነው። እኔ ይህን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ድሪው ባልተሸጠም ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ብለው ይከራከራሉ፤ ብር ከዓመት ወደ ዓመት ይረክሳል፤ ይልቁንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዛሬ የከበደው ዕዳ ነገ ይቀላልና አስቀድሞ መክፈል ሞኝነት ነው ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ገንዘቡን ፍየል፣ የንብ ቀፎ ወይም እህል አድርጎ በእውነት ለሚያስቀምጥ ሰው ምክሩ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ለባንክ ያልሰጠነውን ገንዘብ ቀፎ አንገዛበትም፤ በኪሳችን ሳለ ያልቃል። ደግሞም ደመወዙ እንደ ገበያው ካላደገ ለደመወዝተኛው ዕዳው አይቀልለትም። ስለዚህ ሰው ራሱን መርምሮ፣ ገንዘብ በእጁ የሚረባለት እንደ ሆነ ያርባው፤ የማይቆይለት እንደ ሆነ ግን ለዕዳው ይስጠው።

እኛ ስንቁን አስቀድመን፣ ጭማሪውን አስከትለን፣ ዕዳውን በ2017 ዓ.ም. ጨረስን፤ በ2020 ዓ.ም. ሊያልቅ ከነበረው 3 ዓመት ቀደመ ማለት ነው። ምናልባት እንደ ፊተኛው ብቸኩል ኖሮ ከዚህም ይፈጥን ይሆናል፤ ነገር ግን በሁለተኛው ክፉ ቀን ቤቱ ራሱ በሄደ ነበር።

በመጨረሻ የምናስታውሰው አንድ ነገር አለ። ዕዳው ባለቀ ቀን የክፍያ ማረጋገጫውን ደብዳቤ ከባንኩ ተቀብሎ ወደ ማዘጋጃ ቤት መሄድና በቤቱ መዝገብ ላይ የተጻፈውን ዕገዳ ማሰረዝ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ የሞተ አባት፣ የተከፈለ ዕዳ ለልጆቹ ክርክር አድርጎ ይተውላቸዋል፤ እንዲህ ያለውንም መዝገብ በእጃችን ጽፈናል። የቤቱን ካርታ ከእገዳ ነጻ ሆኖ በተቀበልሁ ቀን ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ እርስዋም ቀድሞ ድሪዋን ታኖርበት በነበረው ሣጥን ውስጥ አኖረችው።