ቀኑ የተፋቀ ባትሪ

ባትሪ ሲሞት ድምፅ አለው። ቁልፉን አዞራለሁ፣ ስታርተሩን እጫናለሁ፣ «ትክ» ይላል። ደግሜ እጫናለሁ፤ «ትክ»። ሦስተኛው ላይ እሱም ይቀራል። ሞተሬ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለቴ እንዲህ ሆናብኛለች። ሁለተኛው ላይ የከዳኝ ገና አራት ወር ያልሞላው ባትሪ ነው። የምጽፈው ስለዚያ ባትሪ፣ ስለሸጠልኝ ሰው፣ ደግሞም ምንም ሳልጠይቅ ስለገዛሁት ስለ እኔው ነው።

ሞተሬ አሮጌ ናት። የጃፓን ሥሪት፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ። ዕቃ አደርስባታለሁ፤ ካልተነሳች የዚያን ቀን ገቢ የለም። በእግርም ትነሳለች፤ ግን በቀን አሥራ አምስት ቦታ ለሚቆም ሰው በየማቆሚያው ፔዳል መምታት ሌላ ሁለተኛ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ባትሪው ከሞተ ክላክስ የለም፣ ፍሬቻ የለም። ያለ ፍሬቻ ቀለበት መንገድ ላይ ረድፍ መቀየር ምን ማለት እንደሆነ የሚነዳ ያውቀዋል።

ስለዚህ መርካቶ ወረድኩ።

«ባትሪ ፈልጌ ነበር፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር።»

«ስንት አለህ?» አለኝ ልጁ።

ልብ በሉ፤ ምን ዓይነት ሞተር ነው አላለኝም። ስታርተር አላት ወይ አላለኝም። ስንት አለህ። ከዚያ ሦስት ደረጃ አለ አለኝ፦ «ኦሪጅናል»፣ «ደረጃ አንድ» እና «ኖርማል»። የሦስቱም ካርቶን ላይ የተጻፈው አንድ ነው። መካከለኛውን ወሰድኩ፤ ሰው ሲደናገር መካከለኛውን ይወስዳል። አሲዱ ቀድሞ ተሞልቶበታል። ጎኑ ላይ፣ የተሠራበት ቀን መኖር ባለበት ቦታ፣ የተፋቀ ነገር አለ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም፤ አይቼዋለሁ። ሲጓጓዝ ተፍቆ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጋራንቲ አለው ወይ ብለው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ባትሪ ምን ጋራንቲ አለው? ያንተ አያያዝ ነው» አለ። ደረሰኝ ስለው ዋጋው ጨመረ፤ ያለ ደረሰኝ ይዤ ወጣሁ። አራት ወር። «ትክ»።

በቃ፣ ፎርጅድ ሸጡልኝ ብዬ ለኤሌክትሪሺያኑ ወሰድኩለት። ሰውዬው ባትሪውን ወደ ብርሃን አዙሮ በፕላስቲኩ በኩል ውስጡን አሳየኝ። ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። «ፎርጅድስ አይደለም» አለኝ። «ሽማግሌ ነው።»

ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር ባትሪ ውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረትና በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። 12 ቮልት የሚባለው ስድስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ጥቂት አለፍ ያለ ይሰጣል። ድሮ ከተሠሩት ትንንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ 6 ቮልት ነበሩ፤ የእነሱ ባትሪ ሦስት ክፍል ብቻ ነው። አሲድ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ማርጀት ይጀምራል። ቢነዱት ያረጃል፤ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጡትም ያረጃል፣ እንዲያውም ይብስበታል። የያዘው ቻርጅ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ያልቃል፤ ባዶውን ሲቆይ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ያ ከጠጠረ በኋላ ቻርጅ ቢያደርጉት የሚገባው ትንሽ ነው። በ2011 ክረምት አዲስ አበባ ላይ የሞተር እንቅስቃሴ ሲታገድ ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሶ ያቆመ ሰው ይህን ለማመን ኬሚስትሪ አያስፈልገውም። ፈቃድ አግኝቶ ሸራውን ሲያነሳ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ የሞተ ባትሪ ነው የሚጠብቀው።

ደረቁን የሚመጣም አለ፤ አሲዱ ለብቻው በጠርሙስ ይሆንና ሲሸጥ ይሞላል። እሱ መደርደሪያ ላይ ረጅም ጊዜ ይታገሣል። ለሻጩ ግን ሁለቱም «አዲስ» ናቸው። የምንሸወደው እዚች ቃል ላይ ነው። አዲስ ማለት ማንም አልተጠቀመበትም ማለት ነው፤ አላረጀም ማለት አይደለም።

እንግዲህ አቋሜን ልናገር፦ የተሠራበት ቀን የማይታይ፣ ፊታችን ያልተለካ ባትሪ በየትኛውም ዋጋ ርካሽ አይደለም፤ መግዛትም የለብንም።

እስኪ እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የዛሬውን ዋጋ ብጽፍ እስክታነቡት ይቀየራል። በ2,000 ብር የተገዛ ባትሪ 4 ወር ከሠራ፣ በወር 500 ብር ነው። በ4,800 ብር የተገዛው 2 ዓመት ከሠራ፣ በወር 200 ብር ነው። ርካሹን የገዛው ሰው በየወሩ ከእጥፍ በላይ እየከፈለ ነው፤ ያልሠራባቸውን ቀናት ሳንቆጥር።

«ታዲያ ጥሩውን ግዛ!» ይላል አንዱ ወዲያው። ይህን ምክር አልወደውም። ሁለት ሺህ ብር ብቻ ኪሱ ላለው ሰው «አራት ሺህ ስምንት መቶ ክፈል» ማለት ምክር አይደለም፣ ቀልድ ነው። ርካሹን የሚገዛው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ነገ ጠዋት መሥራት ስላለበት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። በእጄ ያለው 2,000 ብር ከሆነ፣ በ2,000 ብሬ ስንት ወር እየገዛሁ እንደሆነ የማወቅ መብት አለኝ። አራት ወር መሆኑን ነግሮኝ ቢሸጥልኝ ያለ ቅሬታ እገዛ ይሆናል፤ ለቀጣዩም ካሁኑ እቆጥባለሁ። ቀኑን ፍቆ ሲሸጥልኝ ግን ብሬንም ወሩንም ወስዶብኛል።

ይህ የእኔ ብስጭት ብቻ አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ዕቃ አይተሃል፣ ዋጋ ተከራክረሃል ተብሎ እንዲገዛ እንደማይገደድም ይናገራል። ይቺን ሁለተኛዋን ሳነብ ሳቄ መጣ። «ካልገዛህ ለምን አስወረድከኝ?» ተብሎ ያልተሰደበ ሰው መርካቶ ሄጃለሁ ይላል እንዴ?

ባለሱቁን ሰይጣን አላደርገውም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። ዛሬ በሸጠው ብር ያንኑ ዕቃ ነገ መልሶ መግዛት የማይችል ነጋዴ ያለውን አቅፎ ቢቀመጥ አይገርመኝም። ብሎን ከሆነ ይቀመጥለት፤ ብሎን አያረጅበትም። ባትሪ ግን እንደ ሽንኩርት ነው። ጉልት ላይ የተቀመጠችው እናት የሰነበተውን ሽንኩርት ለይታ መደብ ትሠራለታለች። «ይሄኛው ትንሽ ተነክቷል ልጄ፣ በዚህ ውሰደው» ትለኛለች። አውቄ እገዛታለሁ፣ አልቀየማትም። እሷ ሸራ ላይ የምታደርገውን ባለመስታወቱ ሱቅ ምን አቃተው? የሰነበተውን ባትሪ በሰነበተ ዋጋ ይሽጠው፤ እኔ እገዛዋለሁ።

ሁለተኛው መልስ ከጓደኞቼ ነው የሚመጣው። «ያቺን ቆርቆሮ ጥለህ የኤሌክትሪክ አትገዛም?» በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ አሮጌ ሞተር የሚነዳ ሰው ድሮ ላይ የቀረ ፋራ ሆኗል። እሺ፣ ልግዛ። ብሩን ከየት እንደማመጣ እንርሳው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ምንድን ነው? ጎማ የተገጠመለት ትልቅ ባትሪ ነው። እሱም ያረጃል፤ እሱም አንድ ቀን ይቀየራል። የዚያን ቀን ያገለገለ ባትሪ ይዞልኝ የሚመጣው ሰው ዕድሜውን ይነግረኛል? የኪሎ ስኳር የምታህል ባትሪ ላይ ቀን መጠየቅ ያልለመደ ገዢ፣ የሞተሩን ግማሽ ዋጋ በሚያወጣ ባትሪ ላይ ይጠይቃል ብዬ አላምንም። ነገሩን አሁን፣ በትንሹ፣ ካልለመድነው በትልቁ እንበላለን።

ሦስተኛው ነገር አሮጌው ባትሪ የሚሄድበት ነው። ያ አራት ወር የሠራው የእኔ ባትሪ ለጥቂት ቀን ደጅ ተቀመጠ፤ ከዚያ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። አሲዱን የት እንደሚደፋው፣ እርሳሱን ማን እንደሚያቀልጠው ሳልጠይቅ ሰጠሁት። አሁን ያን ማድረጌ ያሳፍረኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል፤ ከሁሉም የሚጎዳው ደግሞ የልጆችን አእምሮ ነው። ሴኔጋል ውስጥ፣ ዳካር ዳርቻ ባለ አንድ ሰፈር፣ ያለቀ ባትሪ እየተፈታ እርሳሱ ይለቀም ነበር። እዚያ በፈረንጆቹ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞቱ። ሰፈሩም ልጆቹም በእርሳስ ተመርዘው ነበር። በሁለት ዓመት አንድ ባትሪ መጣልና በአራት ወር አንድ ባትሪ መጣል የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያረጀ ባትሪ እየገዛን ስንት እጥፍ እርሳስ ወደ ሰፈር እንደምንልክ አስቡት። አዲሱን የሸጠ ሱቅ አሮጌውን በዋጋ ተቀብሎ በአግባቡ ወደሚያስተናግደው ቢመልስ፣ ለእኔ ቅናሽ ነው፣ ለሰፈሩ ልጅ ጤና ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ትንሽ ቴስተር ገዛሁ፤ የቮልት መለኪያው እንጂ ሌላው አልገባኝም፣ እሱ ይበቃል። ሥራ ላይ ሳይሆን አርፎ የቆየ ጤነኛ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል። 12 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ባዶ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው፤ ትቼው እሄዳለሁ። ደረቅ ከሆነና አሲዱ ፊቴ ከተሞላ፣ መጀመሪያ በቀስታ ቻርጅ ሳይደረግ አልገጥመውም። ከዚያ በኋላ ውሃው ሲጎድል የምጨምረው ዲስቲልድ ውሃ ነው። አሲድ አይጨመርም፤ የሚጠጣ የታሸገ ውሃም አይሆንም፣ ማዕድን አለበት።

ከመግዛቴ በፊት ደግሞ የራሴን ሞተር እከሳለሁ። ሞተሯ ተነስታ ትንሽ ነዳጅ ስሰጣት ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ፣ ችግሩ ቻርጅ ማድረጊያው ነው። ከ15 ካለፈ ባትሪውን እየቀቀለችው ነው። አሮጌ ሞተር ላይ ይህ ብዙ ነው፤ ባትሪ የገደለውን ሳይዙ ባትሪ መቀየር ባለሱቁን ማበልጸግ ነው።

የዩፒኤስ ባትሪ ቢገጠምስ ለሚሉኝም መልስ አለኝ። በልክ ከገባና ሞተሩ በእግር የሚነሳ ከሆነ፣ ለመብራትና ለፍሬቻ ያገለግላል፤ ርካሽም ነው። ስታርተር ላለው ሞተር ግን አልመክርም። ቀስ ብሎ እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ስታርተር የሚጠይቀው በአንድ ጊዜ ብዙ ነው፤ መንገዳችንም ነቀነቅ ያበዛል።

ባለፈው ሳምንት ቴስተሬን ይዤ ሌላ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ልለካው?» አልኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። «ልጄ፣ አታምነኝም ማለት ነው?» አሉ። «እርስዎን አምናለሁ ጋሼ፣ ባትሪውን ነው የማላምነው» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ ከጓዳ ሌላ ካርቶን አስመጡ። ቀኑ ይነበባል። 12.7። ዋጋው ካሰብኩት በላይ ነበር፤ አሮጌውን ተቀብለው ትንሽ ቀነሱልኝ፣ ደረሰኝም ጻፉልኝ። ልወጣ ስል ከኋላዬ የቆመው ልጅ፣ የደሊቨሪ ሳጥን ያዘለ፣ «ብራዘር፣ ያቺን መለኪያ እስኪ አንዴ» አለኝ። ሰጠሁት። ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ።

ቤት ደርሼ ባትሪውን ከመግጠሜ በፊት የገዛሁበትን ቀን ጎኑ ላይ በማርከር ጻፍኩ፣ በትልቁ።