ተሳፋሪውን ለመለየት ተሸካሚውን መዝግቡ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በጥንዚዛና በንብ ገላ ላይ ተጣብቀው ለሚጓዙት የመዥገር ዘመዶች፣ ማይት ለሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ግን ስም የሚያወጣው በማይክሮስኮፕ ላይ ያቀረቀረ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ስህተቱ ከቤተ ሙከራ አልፎ ቀፎ ድረስ እንደሚዘልቅ ቫሮዋ የተባለው የንብ ማይት ታሪክ ይመሰክራል። ተመራማሪው አውደማንስ እ.ኤ.አ. በ1904 በጃቫ ደሴት በእስያ ንብ ላይ የተገኘውን ማይት ቫሮዋ ያኮብሶኒ ብሎ ሰየመው። በኋላ በብዙ አገሮች የማር ንብን የፈጀው ማይትም በዚሁ ስም ተጠራ። ተመራማሪዎቹ አንደርሰንና ትሩማን እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኤንኤውን፣ የአካሉን መጠንና የሚራባበትን ንብ አመሳክረው አጥፊው ሌላ ዝርያ መሆኑን አሳዩ፤ ቫሮዋ ዲስትራክተርም አሉት። የጃቫው ማይት ለአሥርት ዓመታት በሌላው ጥፋት ሲወነጀል ኖሯል፤ ስለ አንዱ የተጻፈውም ለሌላው ሲጠቀስ ቆይቷል።

ስለዚህ ማይትን ከተሸካሚው ነጥሎ መመደብ ተሳፋሪን ያለ መነሻና መድረሻ እንደመመዝገብ ነው እላለሁ። በድን ቀባሪ ጥንዚዛዎች ላይ የሚሳፈረውን ፖይሲሎኪረስ የተባለ ማይት እንመልከት። የሚጓዘው ለአካለ መጠን ሳይደርስ ነው፤ ጥንዚዛው የሞተ አይጥ ወይም ወፍ ሲያገኝ ይወርዳል፣ በበድኑ ላይ አድጎ ይራባል፣ ልጆቹም በተራቸው ተሳፍረው ይሄዳሉ። በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ እንደ አንድ ዝርያ የተቆጠሩ ማይቶች፣ የትኛውን ጥንዚዛ እንደሚመርጡ ሲጠና የማይዳቀሉ የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኝተዋል። ጠባያቸውም ቢሆን በአንድ ቃል አይገለጽም፤ በድኑን የምትሻማው ዝንብ ስትበዛ እንቁላሏን በልተው ጥንዚዛውን ይጠቅማሉ፣ ዝንብ ከሌለች ግን የጥንዚዛውን ልጆች ምግብ ይሻማሉ።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ ዲኤንኤ ማንበብ እያለ የድሮው አመዳደብ ምን ይሠራል የሚል ነው። ዲኤንኤ ሁለት ነገሮች እንደሚለያዩ ይነግረናል፤ የቀድሞው ስም የማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። የቫሮዋው ስም የተፈታው መጀመሪያ የተሰየመው የጃቫው ማይት፣ ከነቦታውና ከነንቡ ስለተመዘገበ ነው። ሁለተኛው፣ ስንት ችግር ባለበት አገር ለዓይን ለማይሞላ ፍጥረት ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት፤ ቀፎ ውስጥ የገባውን ሳይለይ መድኃኒት የሚገዛ ንብ አናቢ በስህተቱ ሁለት ጊዜ ይከስራል። የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም፦ ነፍሳትን የሚሰበስብ ተማሪ ማይቱን አራግፎ እንዳይጥል፣ በአልኮል አስቀምጦም የተሸካሚውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በአንድ ወረቀት እንዲጽፍ ማስተማር። ያቺ ወረቀት ከሌለች ነገ የሚመጣው ተመራማሪ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ዳግመኛ ከዜሮ ይጀምራል።